ቤትን በሚኒማሊስት ስልት ማሰናዳት፦ ከማራገፍ እስከ መጨረሻው አምፖል

ሚኒማሊስት (በጥቂት ዕቃ የተሰናዳ) ቤት ሲባል ብዙ ሰው በዓይነ ኅሊናው የሚመጣለት ነጭ ግድግዳ፣ ግራጫ ሶፋና አንዲት የአበባ ማስቀመጫ ናት። እነዚህን ገዝቶ ያስገባ ሰው ግን በወሩ ክፍሉ እንደ ድሮው ተጨናንቆ ያየዋል፤ ምክንያቱም አዲስ ዕቃ ገባ እንጂ የወጣ ነገር የለም። ሥራው የሚበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ ነው። መጀመሪያ ይወጣል። የቀረው ቋሚ ቦታ ይሰጠዋል። ከዚያ ግድግዳውና ብርሃኑ ይስተካከላል። ግዢ የመጨረሻው ነው።

ከዚህ በታች ያለው አካሄድ 3 በ4 ሜትር የሆነ ሳሎን ወይም መኝታ ቤት ታስቦ የተጻፈ ነው። ማራገፉ ሁለት የዕረፍት ቀን፣ ግድግዳው ከሦስት እስከ አራት ቀን ይወስዳል። ሌላውን ቀስ ብለው ቢሠሩት ይሻላል።

ከመጀመርዎ በፊት

አንድ ክፍል ብቻ ይምረጡ። ቤቱን ሁሉ በአንዴ መክፈት ዕቃን ከክፍል ወደ ክፍል ማዞር ብቻ ይሆናል።

በር ላይ ቆመው አንድ፣ ከአራቱም ማዕዘን አንድ አንድ ፎቶ ያንሱና ስልክዎ ላይ ወደ ጥቁርና ነጭ ቀይረው ይመልከቱት። ዓይን በየቀኑ የሚያየውን ይለምድና ማየት ያቆማል፤ ፎቶው ግን የተንጠለጠለውን ሽቦ፣ በቡፌ ጫፍ የተቆለለውን ወረቀት፣ ከበሩ ጀርባ የተሰቀለውን የልብስ ክምር ፊት ለፊት ያወጣዋል።

ቀጥሎ ለአንድ ሳምንት ክፍሉ ውስጥ በትክክል የሚሠራውን ሁሉ ወረቀት ላይ ይመዝግቡ፦ ልጆች የቤት ሥራ ይሠራሉ፣ ልብስ ይተኮሳል፣ እንግዳ ይቀመጣል፣ ቴሌቪዥን ይታያል። ዝርዝሩ ላይ ያልገባ ሥራ ዕቃ እዚያ ክፍል ውስጥ መቆየት የለበትም። በሌላ በኩል ዝርዝሩ ላይ ያለ ሥራ፣ ምንም ያህል ለዓይን ባይመች፣ ቦታ ሊዘጋጅለት ይገባል። ካውያውን ደብቆ ልብስ መተኮስ የሚቀርበት ቤት የለም።

የሚያስፈልግዎ መሣሪያ ጥቂት ነው፦ ሜትር፣ የወረቀት ፕላስተር፣ ማርከር፣ ከ6 እስከ 8 ካርቶን።

ደረጃ 1፦ ማራገፍ

ዕቃን ባለበት ሆነው አይምረጡ። መደርደሪያ ላይ የኖረ ነገር እዚያ በመኖሩ ብቻ የሚገባው ቦታ ይመስላል፤ ወለል ላይ ሲዘረጋ ግን “ይሄ ለምንድን ነው?” ማለት ይቀላል። ስለዚህ ከጠረጴዛ፣ ከመደርደሪያ፣ ከመስኮት ደፍና ከቡፌ ላይ ያለውን ትንንሽ ነገር ሁሉ አውርደው አንሶላ ላይ ይዘርጉት። መሳቢያዎችን ግን አንድ በአንድ ይክፈቱ። ሁሉንም ከገለበጡ ሳይጨርሱ ይመሻል፣ ዕቃውም ተመልሶ ባገኘው ቦታ ይታጨቃል።

ካርቶኖቹ ላይ “ይቀመጥ”፣ “ሌላ ክፍል”፣ “ይውጣ” እና “ይታይ” ብለው ይጻፉ። ከመንታ ዕቃ ይጀምሩ፦ ሦስተኛው መቀስ፣ የማይታወቅ ስልክ ቻርጀር፣ ክዳኑ የጠፋ ሳጥን። እነዚህ ልብ አይከፍሉም። ፎቶ፣ ደብዳቤና መታሰቢያ ነገር የመጨረሻ ይሁን፤ በእነሱ የጀመረ ሰው አንዷን ፎቶ ይዞ ይቀመጥና ቀኑ ያልፋል። በአንድ ጊዜ ከሁለት ሰዓት በላይም አይሥሩ። ውሳኔ ያደክማል፤ የደከመ ሰው ደግሞ ወይ ሁሉን ያስቀምጣል ወይ ሁሉን ይጥላል።

“ይታይ” የሚለውን ካርቶን በፕላስተር አሽገው ቀኑን ይጻፉበትና ከዓይን ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ቀጠሮው 90 ቀን ነው። ወቅት ጠብቀው የሚወጡ ልብሶችና ዕቃዎች ግን ዓመት ሙሉ ይጠበቁ፤ በብርድ ልብስ ላይ ክረምት ሳይመጣ በበጋ መፍረድ ስህተት ነው።

ከዚህ ሚዛን ውጭ የሆኑም አሉ። ሕጋዊ ሰነድ፣ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፣ ባትሪ መብራት፣ የጥገና መሣሪያ በአጠቃቀም ብዛት አይመዘኑም፤ ዋጋቸው ባስፈለጉበት በዚያች ቀን ነው። በዚህ ስልት የሚናደዱ ሰዎች አብዛኞቹ የሚናደዱት ካቻቢቴያቸውን ሰጥተው በሳምንቱ ሌላ ሲገዙ ነው።

በሌላ የቤተሰብ አባል ዕቃ ላይ አይወስኑ፣ የልጅም ቢሆን። ባል ወይም ሚስት ሳያውቁ የወጣ አንድ ዕቃ የጠቅላላውን ሥራ አመኔታ ያሳጣል። የሚሻለው መጠን መወሰን ነው፦ ለእያንዳንዱ ሰው 40 በ30 በ30 ሳንቲሜትር የሆነ ክዳን ያለው ሳጥን ይስጡ፤ ውስጡ የሚገባው ምርጫ የባለቤቱ ነው፣ ክዳኑ መዝጋት ብቻ አለበት።

“ይውጣ” የተባለው በ48 ሰዓት ውስጥ ከቤት ይውጣ። ኮሪደር ላይ ሳምንት የከረመ ካርቶን ይከፈታል፤ የተከፈተ ካርቶን ደግሞ ይጎድላል።

ደረጃ 2፦ ትልልቁን ዕቃ መቀነስ

ትንንሹ ሲወጣ ክፍሉን የሚያጠበው ማን እንደሆነ ይታያል። ብዙውን ጊዜ ሰው የሚያስቀምጥ ዕቃ ሳይሆን ዕቃ የሚያስቀምጥ ዕቃ ነው፦ ሁለተኛው ቡፌ፣ የጎን ጠረጴዛው፣ ማዕዘን ላይ የቆመው ባዶ መደርደሪያ። ሸክሙ ስለወጣ እነሱም ሥራ ፈተዋል።

አንዱን ለሁለት ሳምንት ሌላ ቦታ ያቁሙት። ማንም “የት ሄደ?” ካላለ ይውጣ።

ከዚያ ቀሪውን በልክ ያስቀምጡ። ዋናው መተላለፊያ፣ ማለትም ከበር ወደ መስኮት ወይም ወደ ሌላ በር የሚወስደው፣ 90 ሳንቲሜትር ይፈልጋል፤ ለጠባብ ማለፊያ 60 ይበቃል። ከሶፋ ጫፍ እስከ መሐል ጠረጴዛ ከ40 እስከ 45 ሳንቲሜትር ይተዉ። ከዚያ ከጠበበ ጉልበት ይመታል፣ ከሰፋ ደግሞ ዕቃ ለማስቀመጥ መነሳት ግድ ይሆናል። ከምግብ ጠረጴዛ ጀርባ ወንበር ወደ ኋላ ተስቦ ሰው እንዲነሳ ቢያንስ 75 ሳንቲሜትር ያስፈልጋል። ዕቃውን ከመግፋትዎ በፊት ልኩን ወለሉ ላይ በወረቀት ፕላስተር ይሳሉትና በላዩ ይመላለሱ፤ ወገብዎን ያድናል።

ሁለት ነገር ክፍልን ሳይሰፋ ያሰፋል። አንደኛው ዕቃ በእግር መቆሙ ነው፦ ከ12 እስከ 15 ሳንቲሜትር ከፍ ያለ ሶፋ ሥሩ ያለው ወለል ስለሚታይ ክፍሉ ይረዝማል፣ መጥረጊያም ይገባል። ሁለተኛው በሩ ሲከፈት ዓይን መጀመሪያ የሚያርፍበት ቦታ ነው። እዚያ የዕቃ ጀርባ ወይም የወንበር ክምር ካለ ያንሱት፤ መስኮት፣ ባዶ ግድግዳ ወይም አንድ ያማረ ነገር ይሁን።

ደረጃ 3፦ ለቀረው ዕቃ ቦታ መስጠት

ይህ ደረጃ በፎቶ አይታይም፣ ቤቱን ግን የሚያቆመው እሱ ነው። ባዶ ሆኖ የሚቆይ ጠረጴዛ ባለቤቱ ጥንቁቅ ስለሆነ ሳይሆን፣ ጠረጴዛው ላይ ሊቀመጥ የሚችለው ሁሉ ሌላ፣ የቀረበ ቦታ ስላለው ነው።

ቦታ የሚሰጠው በእጅ ርቀት ነው። በየቀኑ የሚነካው ከጉልበት እስከ ትከሻ ባለው ከፍታ፣ ማለትም በግምት ከ60 እስከ 150 ሳንቲሜትር መካከል ይሁን። በወር አንዴ የሚፈለገው ከታች፣ በዓመት አንዴ የሚፈለገው ከላይ። ከባድ ነገር ከራስ በላይ አይቀመጥም።

ጥልቀት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። “ጥልቅ ከሆነ ብዙ ይይዛል” ተብሎ 60 ሳንቲሜትር የሚሠራ መደርደሪያ በተግባር የፊቱን ረድፍ ብቻ ያሠራል፤ ከኋላ ያለው ይረሳል፣ ሌላም ይገዛለታል። ለመጽሐፍ ከ25 እስከ 30፣ ለታጠፈ ልብስና ለሳህን ከ35 እስከ 40 ሳንቲሜትር ይበቃል። 60 የሚያስፈልገው በመስቀያ ለሚሰቀል ልብስ ነው፤ ያነሰ ከሆነ የኮት ትከሻ በሩን አላዘጋ ይላል። የልብስ መስቀያው ብረት ሥር ለሸሚዝ ከ100 እስከ 110፣ ለረጅም ቀሚስ ከ150 እስከ 160 ሳንቲሜትር ይተዉ። ከወገብ በታች ላለው ቦታ በር ካለው ቁም ሳጥን መሳቢያ ይመረጣል፤ ተጎንብሶ ወደ ጨለማ እጅ መክተት ስለሚቀር።

በቺፕ ውድ ለሚያሠሩ፦ 18 ሚሊ ሜትር የሆነ ጣውላ መጽሐፍ ተሸክሞ ከ80 ሳንቲሜትር በላይ ያለ ድጋፍ ከተዘረጋ መሐሉ ይረግባል። የሚታይ መደርደሪያ በረገበ ቁጥር ደግሞ ሌላው ሁሉ ንጹሕ መሆኑ ጉድለቱን ያጎላዋል። ወይ መሐሉን ይደግፉ፣ ወይ ርዝመቱን ወደ 60 ዝቅ ያድርጉ።

ክፍት መደርደሪያን በተመለከተ አቋማችን ግልጽ ነው፦ ጥቂት ይሁን። ክፍት መደርደሪያ አቧራ ይሰበስባል፣ በየቀኑም መደርደር ይፈልጋል። የሚዘጋውን በር ግን የግድግዳውን ቀለም ቢቀቡት ትልቅ ቁም ሳጥን እንኳ ግድግዳ ይመስላል። በሥራ ላይ ያለ ቁም ሳጥን ከአምስት እጅ አንዱ ባዶ ይሁን። ሞልቶ የተዘጋ መሳቢያ ውስጥ አንድ ነገር ለመመለስ ሁለት ማውጣት ስለሚያስፈልግ፣ ያ ነገር ጠረጴዛ ላይ ይቀራል።

ቦታ ለጠበበው ግድግዳ አለ። ሼከር በመባል የሚታወቁት የአሜሪካ ሃይማኖታዊ ማኅበረሰቦች በተለይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በክፍሎቻቸው ግድግዳ ዙሪያ የእንጨት ኩላብ በረድፍ እየመቱ ልብስና መጥረጊያ፣ ወንበርም ሳይቀር ይሰቅሉ ነበር፤ ወለሉ በቀላሉ ይጠረግ ነበር። ከበር ጀርባ ከአምስት ያልበለጠ የኩላብ ረድፍ ዛሬም ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚያ በላይ ከሆነ ተመልሶ የልብስ ክምር ይሆናል።

መግቢያው ላይ ለቁልፍ፣ ለቦርሳና ለወረቀት ማረፊያ ያዘጋጁ። 20 በ30 ሳንቲሜትር የሆነች ትሪ ትበቃለች። ትልቅ ከሆነች ሁሉም ነገር እዚያ ይራገፋል።

ሦስት የደኅንነት ጉዳዮች አሉ፣ አይለፏቸው። ረጅም ቁም ሳጥንና ባለ መሳቢያ ዕቃ ከግድግዳ ጋር በብሎን ይታሰር፤ ሁለት ሦስት መሳቢያ አብሮ ሲከፈት ክብደቱ ወደፊት ይሄድና ዕቃው ይወድቃል፣ ልጅ ሲንጠለጠልበትማ ይብሳል። ፊሸሩ ከግድግዳው ዓይነት ጋር ይስማማ፤ ለድፍን ግድግዳ የተሠራው ፊሸር ባዶ ብሎኬት ውስጥ አይዝም። በውጭ ግድግዳ በኩል የሚቆም ቁም ሳጥን 5 ሳንቲሜትር ያህል ይራቅ፤ አየር ካላገኘ ጀርባው ይሻግታል። ኤክስቴንሽን ደግሞ ከምንጣፍ ሥር አይለፍ፣ ተጠቅልሎም ብዙ ጭነት አይሸከም፤ ሙቀቱ መውጫ ስለሚያጣ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ሽቦን ለመደበቅ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ የፕላስቲክ መሸፈኛ ተጠቅመው በግርጌው በኩል ያሳልፉትና የግድግዳውን ቀለም ይቀቡት።

ደረጃ 4፦ ግድግዳ

ዕቃ ሲቀንስ የግድግዳ ጉድለት ይጋለጣል። ማታ መብራት አጥፍተው የስልክ ባትሪ በግድግዳው ጎን ለጎን ያብሩ፤ ጉብታው፣ ስንጥቁ፣ የድሮ ምስማር ቀዳዳው ሁሉ ጥላ ይጥላል። እያንዳንዱን በእርሳስ ያክብቡ።

ስንጥቁን በስለት ትንሽ ከፍተው አቧራውን ያውጡ፣ ስቱኮ ይሙሉ፣ ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። ከዚያ በ120 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት፣ ቀጥሎ በ180 ወይም 220 ያለስልሱ። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው በስቱኮ የተሞላውን ቦታ ፕራይመር (ከዋናው ቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ ቀለም) ይቀቡ። ይህ ከተዘለለ ስቱኮው ቀለሙን ይመጥና በደረቀ ጊዜ ደብዛዛ ነጠብጣብ ሆኖ ይታያል። በጣም የቆየ ቤት ከሆነ ደግሞ የድሮው ቀለም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፈግፍጉት፤ ብናኙ በተለይ ለሕፃናት መርዝ ነው። የእርጥበት ምልክት ያለበት ግድግዳም በቀለም አይድንም፤ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ተገኝቶ ቆሞ ግድግዳው እስኪደርቅ መጠበቅ ግድ ነው።

የቀለሙ ስሌት እንዲህ ነው። የ3 በ4 ክፍል ዙሪያ 14 ሜትር ነው፤ ቁመቱ 2.6 ከሆነ 36.4 ካሬ ሜትር። አንድ በርና አንድ መስኮት ወደ 3.7 ይቀንሳሉ፤ ወደ 32.7 ይቀራል። ሁለት እጅ ሲቀባ 65 ገደማ ነው። አንድ ሊትር 10 ካሬ ሜትር ያህል ስለሚሸፍን 6.5 ሊትር ይፈለጋል፤ 7 ሊትር ይግዙ። ትርፉን አሽገው ያስቀምጡ፣ ለጥገና ያስፈልጋል።

ነጭ ብዙ ዓይነት ነው። ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነጭ ፀሐይ በማትገባበት ክፍል ሐኪም ቤት ያስመስላል፤ ወደ ቢጫ የሚያደላው ደግሞ ፀሐይ በምትበዛበት ክፍል የቆየ ይመስላል። ከትንሿ የቀለም ካርድ አይምረጡ። 50 በ50 ሳንቲሜትር የሆነ ካርቶን ሁለት ጊዜ ቀብተው ጠዋት፣ ቀትርና ማታ በአምፖል ብርሃን በተለያየ ግድግዳ ላይ ይዩት። የማያብረቀርቅ ቀለም የግድግዳን ጉብታ ይደብቃል፤ ለኩሽናና ለመታጠቢያ ግን የሚታጠብ፣ ትንሽ አብረቅራቂ ይሁን። ኮርኒሱ፣ ግድግዳውና ግርጌው ተመሳሳይ ቀለም ሲሆኑ መስመሮቹ ስለሚጠፉ ዝቅ ያለ ክፍል ከፍ ያለ ይመስላል። ነጭ ግዴታም አይደለም፤ የአሸዋ፣ የሸክላ፣ የአመድ ቀለም ያንኑ ዕረፍት ይሰጣሉ።

ደረጃ 5፦ ብርሃንና መስኮት

ኮርኒስ መሐል ያለ አንድ አምፖል ባዶ ክፍልን ምድረ በዳ ያደርገዋል። ለ12 ካሬ ሜትር ሳሎን በድምሩ ከ1200 እስከ 1800 ሉመን (የብርሃን መጠን መለኪያ) ይበቃል፤ ይህንን በሦስት ቦታ ይከፋፍሉት፦ አንድ ከላይ፣ አንድ ከሶፋ አጠገብ ለንባብ፣ አንድ ወደ ግድግዳ የሚያበራ። ሁሉም 2700 ወይም ሁሉም 3000 ኬልቪን (የብርሃን ቀለም መለኪያ) ይሁኑ። ሁለት ዓይነት ከተቀላቀለ ያን ያህል ለፍተው የመረጡት ነጭ ግማሹ ይበልጥ ቢጫ፣ ግማሹ ነጣ ያለ ይመስላል። ካርቶኑ ላይ የቀለም ትክክለኛነት መለኪያው (CRI) 90ና ከዚያ በላይ የሆነውን ይምረጡ፤ የእንጨትና የጨርቅ መልክ የሚወጣው ያኔ ነው። ከምግብ ጠረጴዛ በላይ የሚንጠለጠል መብራት ከጠረጴዛው ገጽ ከ75 እስከ 85 ሳንቲሜትር ከፍ ይበል።

የመጋረጃ ብረቱን ከመስኮቱ በላይ 15 ሳንቲሜትር፣ በሁለቱም ጎን 20 ሳንቲሜትር አሳልፈው ይትከሉት፤ ሲከፈት ጨርቁ መስታወቱን አይጋርድም። የጨርቁ ስፋት የብረቱን አንድ ተኩል እስከ ሁለት እጥፍ ይሁን፤ ጫፉ ወለሉን ሊነካ አንድ ሳንቲሜትር ሲቀረው ይቆረጥ። አዲስ ጥጥ ከሆነ ሳይሰፋ አስቀድሞ ይታጠብ፣ ይሰበሰባልና።

ደረጃ 6፦ ድምፅና ጨርቅ

ማንም አስቀድሞ የማይናገረው ችግር ይህ ነው፦ የተራገፈ ክፍል ያስተጋባል። ጠንካራ ግድግዳ፣ ጠንካራ ወለልና መስታወት ድምፅን ይመልሱታል፤ የሚውጡት የነበሩት ያወጧቸው ዕቃዎች ናቸው። መሐል ቆመው አንዴ ያጨብጭቡ። ድምፁ ከተንጫረረ ክፍሉ ጨርቅ ይፈልጋል፣ አለዚያ ሦስት ሰው ሲጫወትበት ጆሮ ይደክማል።

ትልቅ ምንጣፍ ከሁሉ ይቀድማል። ለዚህ ክፍል 2 በ3 ሜትር ይስማማል፤ የሶፋው የፊት እግሮች ቢያንስ 20 ሳንቲሜትር በላዩ ይውጡ። መሐል የተጣለች ትንሽ ምንጣፍ ክፍሉን ትቆርጠዋለች። ከሥሩ 8 ሚሊ ሜትር ያህል የሆነ የሱፍ ወይም የጨርቅ ንጣፍ ሲደረግ ድምፅ የመዋጥ አቅሙ ይጨምራል። ወፍራም መጋረጃና በመጽሐፍ የተሞላ መደርደሪያም ይረዳሉ።

በ1929 አርክቴክቱ ሉድቪግ ሚስ ቫን ደር ሮኸ ከዲዛይነሯ ሊሊ ራይክ ጋር ለባርሴሎና ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን የሠራው የጀርመን ማሳያ ሕንፃ (ፓቪልዮን) ውስጥ ዕቃ የለም ማለት ይቻላል፤ ግን ግድግዳው አረንጓዴ እብነ በረድና ኦኒክስ የተባለ ጌጠኛ ድንጋይ ነው። ዕቃ ሲቀንስ ዓይን የቁሱን የተፈጥሮ መስመር ያያል። ቤት ውስጥ እብነ በረድ አያስፈልግም፤ የሚፈለገው ከሦስት የማይበልጥ ቁስ መርጦ መደጋገም ነው፦ አንድ ዓይነት እንጨት፣ አንድ ዓይነት ብረት፣ አንድ ዓይነት ጨርቅ። የበር እጀታው ጥቁር ከሆነ መብራቱም የመጋረጃ ብረቱም ጥቁር ይሁን።

ደረጃ 7፦ የሚታየው ጥቂት ነገር

ከአምስት ትንንሽ ሥዕል አንድ ትልቅ ይሻላል። መሐሉ ከወለል ከ145 እስከ 150 ሳንቲሜትር፣ ከሶፋ በላይ ከሆነ ግርጌው ከሶፋው መደገፊያ ከ15 እስከ 25 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ፣ ስፋቱም የሶፋውን ሁለት ሦስተኛ ያህል ይሁን። ሌላኛውን ግድግዳ ባዶ ይተዉት። የሚወዱትን ዕቃ፣ ከእናት የተወረሰም ይሁን ከመንገድ የተገኘ፣ ከማሳያው አይከልክሉት፤ በዙሪያው ክንድ ያህል ባዶ ቦታ ይስጡት እንጂ።

ከዚያ በኋላ

ማታ 10 ደቂቃ በቂ ነው፦ እያንዳንዱ ነገር ወደ ቦታው ይመለስ። አንድ ዕቃ ሦስት ቀን ተከታትሎ ጠረጴዛ ላይ ካገኙት ሰውን አይውቀሱ፤ ቦታው ሩቅ ነው ወይም ለመክፈት ይቸግራል። ወዳለበት ቀረብ ያድርጉለት። አዲስ ነገር ለመግዛት ሲያስቡ የሚቀመጥበትን መሳቢያ አስቀድመው ይክፈቱ፤ ሞልቶ ከሆነ የሚወጣውን ከመግዛትዎ በፊት ያውጡ።

በ90ኛው ቀን “ይታይ” የተባለውን ካርቶን ያምጡት። ሳይከፍቱት ውስጡ ያለውን በቃልዎ ይጥቀሱ። ያስታወሱትን ብቻ አውጥተው ቦታ ይስጡት፤ ሌላውን በዚያው ቀን ያሳልፉት።